ማልያ ለማስጠበብ፣ ባንዲራ ለማሰፋት፦ የቀፊራዋን እናታችንን እንጠቁማችሁ

ድሬዎች፣ «ማልያዬን ሳያበላሽ የሚያጠብብልኝ ሰው ጠቁሙኝ» የምትሉ በዝታችኋል። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጡ ጎን ለጎን የሚሰፉ አንዲት እናት አሉን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም፤ በሩ ላይ ብርቱካናማ ሳቲን የተሰቀለበት ሱቅ ብላችሁ ጠይቁ። ለብርቱካናማዎቹ፣ ለድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ፣ ደጋፊዎች ለሚሠሩት ሥራ ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ እጃቸው ይባረክ።

የማልያ ጨርቅ ተለጣጭ ፖሊስተር ነው። ብዙ ሰፊ ግን እንደ ሱሪ በ16 ቁጥር ሹል መርፌና በቀጥታ ስፌት ይገጥመዋል። ቆማችሁ ስትለኩት ምንም አይልም፤ ጎል ገብቶ እጅ ወደ ላይ ሲወረወር ግን ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩ አይለጠጥም፣ ብብት ሥር ተርር ይላል። ሹሉ መርፌ ደግሞ የጨርቁን ክር ራሱን ስለሚበጥስ ከጥቂት እጥበት በኋላ በስፌቱ ዳር ቀዳዳ ይታያል። እሳቸው ጫፉ ድቡልቡል የሆነ 11 ቁጥር መርፌና ፖሊስተር ክር ነው የሚጠቀሙት፤ ዚግዛጉን ርዝመቱን 2.5፣ ስፋቱን 1 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርጉና መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ይሞክራሉ። ስፌት ከዘለለ መርፌ ይቀይራሉ። ጨርቁ እየተለጠጠ ሞገድ ከሠራ የማኪናው እግር ከልክ በላይ ተጭኖታል ማለት ነው፤ ያላሉታል እንጂ ከኋላ አይጎትቱም።

ማልያ ሲያጠብቡ ትከሻ አይነኩም፤ የጎኑን ስፌት ብቻ ከብብት እስከ ታች ይፈታሉ። እዚህ ላይ ሒሳቡን እወቁት፦ በእያንዳንዱ ጎን ስፌቱ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ከፊትም ከኋላም ስለሚቀነስ ዙሪያው በ8 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። «ትንሽ አጥብቡልኝ» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ማልያው አልገባ ቢለው አይገርምም። የጀርባ ቁጥሩ ላይ ካውያ አያሳርፉም፤ ልብሱን ገልብጠው፣ ጨርቅ ደርበው፣ ለብ ባለ ካውያ ነው።

ለባንዲራ ደግሞ ትልቁ ውለታቸው ሊሸጡልን የሚችሉትን ጨርቅ «ይህ ይቅርባችሁ» ማለታቸው ነው። ሳቲን ያብረቀርቃል፣ ግን ጠርዙ ይተረተራል፣ ይከብዳልም፤ ለሚውለበለብ ትልቅ ባንዲራ ቀለል ያለውን ፖሊስተር ይመርጣሉ። ብርቱካናማውን ወደ ፀሐይ አውጥተው ያሳያሉ፤ በሱቅ መብራት ሥር ቀለሙ ያታልላል። የሚበቃችሁንም በአንዴ ከአንድ ጣቃ ግዙ፤ በኋላ የሚመጣው ጣቃ አንድ ደረጃ ደመቅ ወይም ፈዘዝ ብሎ መምጣቱ የተለመደ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዱላ ማስገቢያው ተኝቶ ሲለካ 8 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚያ ከጠበበ ዱላው ለመግባት ያስቸግራል። ባንዲራ የሚቀደደው ከዱላው ተቃራኒ፣ ነፋስ ከሚመታው ጫፍ ነው። ስለዚህ ያን ጠርዝ ሁለቴ አጥፈው በሦስት መስመር ይሰፉታል፣ ማዕዘኖቹ ላይም ባለሦስት ጎን ቁራጭ ይደርባሉ።

የጊዮርጊስንም የቡናንም ማልያ ተቀብለው በዚያው ዋጋ፣ በዚያው ጥራት ይሰፋሉ። ይህችን ብቻ ይቅር ብለናቸዋል።

ጨዋታ ባለ ቀን ሱቁ ውስጥ የማይጠፋ ሌላ ነገር አለ፦ ደንበኛ ሁሉ ከቤቱ የሠራውን ምግብ ይዞ ይመጣል። የእሳቸው የምስር ሳምቡሳ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ምስሩን እስኪፈርስ አይቀቅሉትም፣ ውኃውን በደንብ አጥልለው ያቀዘቅዙታል፤ እርጥብ ወይም ትኩስ ሆኖ ከተጠቀለለ ቂጣውን አለስልሶ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ጠርዙን በውኃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጥፋሉ። የሚበላው ከጀርባ ባለችው ጠረጴዛ ብቻ ነው፣ ሙሽባክ (በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ) የያዘ እጅ ደግሞ ሳይታጠብ ወደ ጣቃው አይጠጋም፤ ሕጉ ለሁሉም ነው። ዘይት ጨርቅ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው ዱቄት ነስንሰው ይተዉታል፣ ዘይቱን ሲመጥ አራግፈው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያሹታል። ሳይለቅ ካውያ ከነካው ግን በተለይ ፖሊስተር ላይ አለቀ፣ አይወጣም።

ስትሄዱ ማልያውን አጥባችሁ፣ ልክ የሚሆንላችሁን ሌላ ቲሸርትም ይዛችሁ ሂዱ፤ በእሱ ይለኩላችኋል። በጨዋታ ዋዜማ አትሂዱባቸው፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ እሳቸውም የችኮላ ሥራ አይቀበሉም።