በጁገል ግንብ ውስጥ የሚበላ ቁርስ፦ የአንድ ማረፊያ ቤት ግምገማ

በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከጊዲር መጋላ ገበያ ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ጠባብ መንገድ ላይ ባለ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት አራት ሌሊት አድሬ ተመልሻለሁ። ቤቱ ለእንግዳ የሚያከራያቸው ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ ባለቤቲቱ ስማቸውም የቤታቸውም ስም በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለ ፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ ሁለቱንም አልጠቅስም። መኝታው ንጹሕ፣ ግቢውም ጸጥ ያለ መሆኑን በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልጬ አልፋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ቁርሱ ነውና። ሁለት ሌሊት ለማደር አስቤ የሄድኩት ሰው አራት ሌሊት የቆየሁት በግንቡ ወይም በጅብ ትርኢቱ ምክንያት አይደለም፤ ማለዳ በቀረበልኝ ገበታ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቁርስ ግን እንዲህ የሚያስብል አልነበረም። የቀረበልኝ የተቆራረጠ የፋብሪካ ዳቦ፣ የእንቁላል ጥብስ፣ ከውጭ አገር የመጣ በትንሽ ማሸጊያ ያለ ማርማላታና የሻይ ከረጢት የተነከረበት ሙቅ ውኃ ነበር። በየትኛውም የአገራችን ከተማ፣ በየትኛውም ሆቴል የማገኘውን ገበታ ለማግኘት ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አያስፈልገኝም ነበር። ነገር ግን ይህን እየበላሁ ሳለ ከማድ ቤቱ የሚመጣው ሽታ ሌላ ነበር፤ የተቆላ ቅጠል ሽታ የሚመስል፣ ከፈላ ወተት ጋር የተቀላቀለ መዓዛ ነው። የቤቱ ልጆች ከትልቅ ጀበና እየተቀዳላቸው ሲጠጡም አየሁ። ስለዚህ ሴትየዋ ሳህኑን ሊያነሡ ሲመጡ፣ «እናቴ፣ እናንተ በቤታችሁ ለቁርስ ምን ትበላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የኛማ የቤት ነው ልጄ፤ ለእንግዳ አይሆንም ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ በሐረር ብቻ የሚሰማ አይደለም። በብዙ የአገራችን ክፍል እንግዳን ማክበር ማለት የራስን ነገር ደብቆ የሰውን ነገር ማቅረብ ሆኗል። አክብሮቱ እውነተኛ ነው፤ ውጤቱ ግን ጎብኚው ሊያይ የመጣውን ነገር ሳያይ እንዲመለስ ያደርጋል። «ነገ የእናንተን ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል» ስላቸው ትንሽ ፈገግ ብለው ሄዱ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የበላሁትን ነው ከዚህ በታች የምገመግመው።

በማግሥቱ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማድ ቤት ገብቼ እንድመለከት ተፈቀደልኝ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ፈጢራ እየሠራች ነበር። ሊጡ ከፉርኖ ዱቄት፣ ከውኃና ከጨው ብቻ የተቦካ ሲሆን፣ በዘይት ተለውሶ በትንንሹ ተድቦልቡሎ ዐርፏል። አንዱን ድቡልቡል አንሥታ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፏ ጠፈጠፈችው፤ ከዚያም ጠርዙን ይዛ እያነሣች በአየር ላይ እያወዛወዘች መልሳ ስትዘረጋው፣ ሊጡ እየሰፋና እየሳሳ ሄዶ ከሥሩ ያለው የጠረጴዛው እንጨት መስመር እስኪታይ ድረስ ደረሰ። አንድም ቦታ አልተቀደደም። መካከሉ ላይ ሁለት እንቁላል ሰብራ፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ነስንሳ፣ አራቱን ጎን ወደ ውስጥ አጥፋ እንደ ፖስታ አሸገችውና በጋለ የብረት ምጣድ ላይ አኖረችው። ጠርዙ ወዲያው እየተኮማተረ ሲያረር፣ መካከሉ ደግሞ እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከምጣዱ ሲወጣ በቢላ በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ማር ፈሰሰበት። የውጩ ቅጠል ሲነከስ ይሰባበራል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ቃሪያውና ማሩ አብረው በአፍ ውስጥ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን አያጠፋም። ፈጢራ በድሬዳዋም በአዲስ አበባም በልቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሊጡ መወፈሩና ዘይቱ መብዛቱ ነው። እዚህ ሁለቱም አልነበሩም።

ከፈጢራው ጎን በሸክላ የቀረበው ፉል በሚገባ በስሎ የተፈጨ፣ ከላይ ዘይት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያለበት ነበር። ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፤ በከተማው ውስጥ ባሉ ቁርስ ቤቶችም እኩያውን ማግኘት ይቻላል።

ሆጃው ግን የተለየ ንግግር ይገባዋል። ሆጃ በሐረር ከቡና ቅጠል የሚፈላ መጠጥ ነው፤ ከቡናው ገለባ የሚያፈሉም አሉ። በዚህ ቤት የደረቀው የቡና ቅጠል በመጀመሪያ በምጣድ ላይ ይታመሳል፤ ከዚያ በእጅ ታሽቶ ውኃ ውስጥ ይገባና በዝግታ ይፈላል፤ ውኃው ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ወተትና ጥቂት ጨው ይጨመርበታል። ሴትየዋ ቅጠሉን ሲያሹ መዳፋቸው ላይ የቀረውን ዱቄት እንዳሸት ዘረጉልኝ፤ ሽታው ከተቆላ ገብስና ከደረቀ ሣር መካከል ያለ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠጣው ሰው ጨው ያለው ትኩስ መጠጥ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ እኔም የመጀመሪያውን ሲኒ የጠጣሁት በጥርጣሬ ነበር። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ከፈጢራው ማር ጋር ለምን እንደሚሄድ ገባኝ፤ ጨዉ የማሩን ጣፋጭነት ያስተካክለዋል። የቡናን ፍሬ ለዓለም የሰጠች አገር ቅጠሉንም ገለባውንም እንደምትጠጣ ስንት ጎብኚ ያውቃል? የሻይ ከረጢቱን በዚህ መጠጥ ቦታ ላይ ያኖረው ልማድ በእውነት ያሳዝነኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ስለ እያንዳንዱ ነገር መምጫ ስጠይቅ የሰማሁት የአካባቢውን መልክዓ ምድር የሚያስተምር ነበር። ለውዙ የመጣው በጅግጅጋ መንገድ በስተ ምሥራቅ ካለችው ከባቢሌ ነው፤ ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ስትሆን፣ የተቆላው ለውዝ ከቡና ጋር በትንሽ ስፌት ቀረበ። የግመል ወተቱም ከዚያው አቅጣጫ የመጣ ሲሆን፣ ዕቃው በጭስ የሚታጠን በመሆኑ ወተቱ የጭስ ጣዕም አለው፤ ቀጠን ያለና ከላም ወተት ይልቅ ወደ ጨዋማነት ያዘነበለ ነው። ቤቱ አፍልቶ ማቅረቡን አደንቃለሁ፤ ያልፈላ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ በሌላ ቦታ ሲቀርብላችሁም መፍላቱን ጠይቁ። ማንጎው ከኤረር ሸለቆ የመጣ ነበር። ሐረር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሲወረድ ሞቃት ሸለቆ፣ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ የድንችና የሽንኩርት ደጋ ይገኛል፤ አንድ ትሪ ላይ ያየሁት የቆላውና የደጋው መገናኘትም ከዚህ የመነጨ ነው። የጁገል በሮች ገበያዎችም ይህንኑ ሲያደርጉ የኖሩ ናቸው፤ ከኤረር በር ውጭ ማለዳ የሚቆም ሰው የዕለቱን ቁርስ በሴቶቹ ቅርጫት ውስጥ ገና ሳይበስል ያየዋል።

ቡናው የሐረር ቡና ነው፤ ያልታጠበ፣ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ጀንፈል። ይህ አደራረቅ ለፍሬው የሚሰጠው ጣዕም ከታጠበ ቡና የተለየ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ሲሆን፣ በዓለም ገበያ ሐረርን ያስጠራው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የታገለውም ስሙ ራሱ ዋጋ ስላለው ነበር። ይሁንና በሐረርጌ ብዙ ገበሬ የቡና እግሩን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም፣ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ተቆርጦ ስለሚሸጥ በገበሬው መፍረድ አልችልም። የማረፊያ ቤቶች ቁርስ ይህን ብቻውን አይለውጠውም፤ ነገር ግን ፍሬውን፣ ቅጠሉንና ገለባውን በተገቢ ዋጋ የሚገዛ አንድ ቤት ለአንድ ገበሬ ቡናውን የሚያቆይበት አንድ ምክንያት ይሰጠዋል። ሴትየዋ ቅጠሉን ለዓመታት ከአንድ ሰው ብቻ እንደሚገዙ ሲነግሩኝ ይህን አሰብኩ።

ለሥራ ጉዳይ ብዙ ከተሞችን አዳርሻለሁ። የጨጨብሳ፣ የገንፎ፣ የቅንጬና የቆጮ አገር ሆነን፣ በየሆቴሉ ማለዳ የማየው ያንኑ የተቆራረጠ ዳቦ ነው። በአንድ የደቡብ ከተማ ባረፍኩበት ትልቅ ሆቴል፣ ዙሪያውን እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ቆጮ ስጠይቅ፣ አስተናጋጁ ያንን የሚበሉት ሠራተኞች እንደሆኑ ነግሮኛል። ከዚህ የተለየ መንገድ እንዳለ ወንጪ ምስክር ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ሲመርጣት፣ ጎብኚ የሚወስደው ከሐይቁ ውበት ጋር የአካባቢውን ማርም ነበር። ሐረርም ከዚህ የሚያንስ ሀብት የላትም፤ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት፣ የሹዋሊድ በዓል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ወደዚህች ከተማ ለመምጣት በቂ ምክንያት አለ፤ የጎደለው አንድ ሌሊት ተጨማሪ ለማደር የሚሆነው ምክንያት ነው፤ ማለዳውን የሚያስጠብቅ ገበታ ያንን ሊሰጥ ይችላል።

ቤቱ ሊያርማቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ዋናው አስቀድሜ የገለጽኩት ነው፤ የቤቱ ቁርስ የሚገኘው ለጠየቀ ብቻ ነው። በአጠገቤ ያረፉ ሁለት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሁለት ቀን ሙሉ ዳቦና ማርማላታ በልተው ሊሄዱ ሲሉ፣ የእኔን ሲኒ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እያንዳንዱ ምግብ ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥ ይህ አይደርስም ነበር። ሁለተኛው ጉዳይ መቀመጫው ነው፤ ቁርስ የሚቀርበው በቀዩ ነደባ (በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ) ላይ፣ ግድግዳውን በሸፈኑት ስፌቶችና ሳህኖች ሥር ነው፤ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ወገባቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን መደገፊያ ትራስ መጨመር ይገባል። ሦስተኛው የጊዜው ጉዳይ ነው፤ ፈጢራው እንግዳ ከመጣ በኋላ ስለሚሠራ፣ እንግዳው ከበዛ ግማሽ ሰዓት ያስጠብቃል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ቀድሞ ተሠርቶ የቀዘቀዘ ፈጢራ መብላት ከመጠበቅ የከፋ ነው። ሆኖም አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ማታውኑ ሊነግራቸው ይገባል።

የኦርቶዶክስ ጾም ለሚጾሙ እንግዶች ቤቱ እንቁላል የሌለው ፈጢራ በስኳር፣ ፉልና ያለ ወተት የፈላ ቁጢ (የቡና ቅጠል መጠጥ) ያቀርባል፤ ዓርብ ዕለት እንዲህ ነበር የበላሁት፤ ቁጢው ወተት ሳይገባበት የቅጠሉ ጣዕም ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። በረመዳን ወር ለመሄድ ያሰበ ሰው ደግሞ ቤተሰቡ ጿሚ መሆኑን አስቦ አስቀድሞ ይነጋገር። ከድሬዳዋ ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ሐረርን በአንድ ቀን አይቶ ይመለሳል። በጁገል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች ከዚህኛው ሌላም አሉ፤ በየትኛውም ብታርፉ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቤቱን ቁርስ እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

በመጨረሻው ማለዳ ቅጠል ልግዛ ብል ሴትየዋ የሚሸጥ አዘጋጅተው አያውቁም ነበር፤ ከቤቱ ማስቀመጫ ሁለት እፍኝ ቆንጥረው በጋዜጣ ጠቅልለው፣ አስተማመሱን በቃል ነግረው ሰጡኝ። ገንዘብ አልቀበልም ስላሉኝ ለልጃቸው ትቼላት ወጣሁ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ቅጠሉ አልቋል፤ ጋዜጣው ግን አሁንም ያንን ሽታ ይሸታል።