ስለ ስሜትም የሚጠይቅ የሚጥል በሽታ ክሊኒክ
ወንድሜ የሚጥል በሽታ ክትትል በሚያደርግበት ክሊኒክ እጅግ ያስደሰተኝ፣ ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት በዚህ ሕመም ታካሚዎች ላይ የሚታየውን ድባቴ ለመለየት የተዘጋጀውን ኤንዲዲአይ-ኢ የተባለ ባለ 6 ጥያቄ ቅጽ ማስሞላቷ ነው። «ብሞት ይሻለኛል» ከሚለው አጠገብ «አንዳንድ ጊዜ» ብሎ ምልክት ማድረጉን ስታይ፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽና በርጋታ ጠየቀችው፤ ዕለቱንም ከአእምሮ ሐኪም ጋር አገናኘችው። እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ አይዘራም፤ ብዙዎች ግን ይህን ፈርተው ዝም ይላሉ።

ቅር ያሰኘኝ የመድኃኒት መስጫው ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ሌቬቲራሴታም አንዳንዶችን ብስጩና ድብርታም ሊያደርግ እንደሚችል፣ እንዲህ ሲሆንም ሳያማክሩ ማቋረጥ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ስለሚችል ፈጥኖ ለሐኪም መንገር እንደሚገባ ማንም አላስረዳንም።