የቀን ሠራተኛ ወይስ የጥናት አጋር?

ከሌላ አገር ለዱር እንስሳት ጥናት የሚመጣ ተመራማሪ የአካባቢውን ሰው በቀን ክፍያ ይቅጠር ወይስ ከማኅበረሰቡ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይፈራረም?

ወጪ፦ የቀን ክፍያ ርካሽ ነው። ስምምነት ለስብሰባ፣ ለአስተርጓሚና ለሥልጠና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ካልተያዘ በኋላ ከየትም አይመጣም።

አደጋ፦ በቀን ክፍያ መረጃው ከተመራማሪው ጋር ይሄዳል፤ ጫካ ውስጥ የተተከለው ካሜራ ባትሪ ሲያልቅም የሚቆረቆር የለም። ስምምነት ደግሞ የሚፈርሰው ሊቀመንበሩ ብቻ ሲፈርም ነው፤ እረኛውና እንጨት ለቃሚዋ ሳይጠየቁ። የመረጃው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ፣ በጥናቱ ላይ የእነማን ስም እንደሚወጣ፣ የብርቅዬው እንስሳ ትክክለኛ መገኛ እንደማይታተም (ሕገወጥ አዳኝም ያነባል) አስቀድሞ ይጻፍ።

ለሁለት ሳምንት የወፍ ቆጠራ የቀን ክፍያ ይበቃል። ለዓመታት ክትትል ግን ስምምነት ይሻላል። የዘረመል ናሙና ከተወሰደማ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የናጎያ ፕሮቶኮል (የዘረመል ሀብት እንዴት እንደሚወሰድና ጥቅሙ እንዴት እንደሚጋራ የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ስላለ፣ አስቀድሞ የአገሩን ሕግ ማየት ግድ ነው።