ፊልሙንና የጂን ወረቀቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ላስቀመጡልን፣ እግዜር ይስጥልን

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ቤታችሁ የሳንባ ካንሰር የገባባችሁ፣ ይህን እስከ ታች አንብቡት። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ፊልም የምለው የስካን ምስሉን ነው፤ የጂን ወረቀት የምለው ደግሞ በካንሰሩ ጂን ላይ ያለውን ለውጥ የሚገልጸውን የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ምስጋናው ለአንዲት አስተባባሪ ነርስ፣ ለአንድ የምስል ምርመራ ሐኪም (ራዲዮሎጂስት) እና ፊታቸውን እንኳ ላላየናቸው የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ላቦራቶሪ ሠራተኞች ነው። ነርሷ «ስሜን አትጻፉ፣ ሥራዬ ነው» ስላለች ስም አልጠራም። አድራሻ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ጉዳዩ የአንዲት እናታችን ነው፤ የተጻፈውም በእሳቸውና በልጆቻቸው ፈቃድ ነው። ሲጋራ ባፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሳሉ ሲጸናባቸው መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቢ ነበር። በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ከአገራችን የመጣ ሰው ሳንባው ላይ ጥላ ሲታይ ቲቢ መጠርጠሩ ተገቢ ነው፣ ፔት ስካን የሚባለው የምስል ምርመራም ሁለቱን በእርግጠኝነት አይለይም። ለፔት የሚወጋው ስኳር ነክ መድኃኒት ስኳር በብዛት የሚበላ ሕዋስ ባለበት ሁሉ ይደምቃል፤ ካንሰሩም ይደምቃል፣ ቲቢውም ይደምቃል። ቁርጡ የሚታወቀው በናሙና ነው።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ስሙን የማልጠራው ቦታ ናሙና ሲወስድ መርፌው የገባው ዕጢው መሃል ላይ ነው። ትልቅ ዕጢ ብዙ ጊዜ መሃሉ የሞተ ነው፤ ፔት ላይ ዙሪያው እንደ ቀለበት እየበራ መሃሉ ጨልሞ ይታያል። ፔቱ ቀድሞ ተነስቶ ነበር፤ መርፌውን የያዘው ሰው ግን ከፍቶ አላየውም። የተገኘችውን ጥቂት ሕያው ሕዋስ ደግሞ ለማቅለሚያ ምርመራ ቆራርጠው ጨረሷት። ከ3 ሳምንት በኋላ የመጣው የጂን ወረቀት «ናሙናው በቂ አይደለም» ይላል። በዚህ መሃል ፒዲ-ኤል1 (ዕጢው ላይ የሚለካ ፕሮቲን) ከፍተኛ ነው ተብሎ ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ የካንሰር ሕክምና) ነገውኑ ይጀመር ተባለ። የጂኑስ ነገር? ብለው ልጆቹ ሲጠይቁ ራዲዮሎጂው ወደ ኦንኮሎጂ (ወደ ካንሰር ሕክምናው ክፍል) ላካቸው፣ ኦንኮሎጂው ወደ ፓቶሎጂ፣ ፓቶሎጂው ወደ ስልክ ማዞሪያ።

አሁን ወደ ምስጋናው። ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው ወደማመሰግናቸው ሰዎች ሄዱ። ነርሷ ወረቀቱን እንዳየች ጉዳዩን ለኦንኮሎጂስቷ አቅርባ ኢሚዩኖቴራፒው እንዲቆይ አደረገች። ምክንያቱን ሁላችሁም ያዙት። ሲጋራ አጭሶ በማያውቅ ሰው ላይ ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን ተቀይሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህ ለውጥ ካለ ፒዲ-ኤል1 ከፍ ቢልም ኢሚዩኖቴራፒ ብዙም አይሠራም። ይባስ ብሎ እሱን ከወሰዱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ኦሲመርቲኒብ (ይህን የጂን ለውጥ የሚያጠቃው ክኒን) ቢጀመር ለብርቱ የሳንባ መቆጣት ያጋልጣል። ሕመሙ ፋታ የማይሰጥ ከሆነ ውጤቱ እስኪመጣ ኬሞውን ብቻ መጀመር ይቻላል። ስለዚህ ጂኑ ሳይታወቅ «ዛሬውኑ» የሚላችሁን ሰው ቆም አድርጋችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ጥያቄዋ «ሪፖርቱ አይበቃኝም፣ ሲዲውን አምጡ» ነበር። ሲዲው የስካኑ ምስሎች ያሉበት ነው፤ ሪፖርት ግን የሌላ ሰው ንባብ ነው። በስልክ ከስክሪን ላይ የተነሳ ፎቶም ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው ራሱ የዳይኮም ፋይሉ (ከስካኑ ማሽን የወጣው ዋናው ምስል) ነው። ሲዲው ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሲቲ ቁራጮች (የምስሉ ንብርብሮች) ብቻ ካሉ ደግሞ ቀጭኖቹን፣ ከ1 እስከ 1.25 ሚሊ ሜትር ያሉትን፣ ጠይቁ። 6 ሚሊ ሜትር የምታህል እብጠት በወፍራሙ ላይ ደብዝዛ ልታልፍ ትችላለች። አንዳንድ ቦታ ቀጭኖቹን ብዙ ጊዜ ስለማያስቀምጡ አትዘግዩ።

በዚያው ቀን ለጂን ምርመራ ደም ተወሰደ፦ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዙ 2 ልዩ ብልቃጦች። ቀጂዋ እያንዳንዱን 8 ወይም 10 ጊዜ ቀስ አድርጋ ገለበጠችና በክፍሉ ሙቀት አስቀመጠችው፤ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። የደሙ ውጤት ከናሙናው ይፈጥናል፣ ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ደሙ ለውጥ ካሳየ ይታመናል፤ ባዶ ከመጣ ግን «የለም» ማለት አይደለም። ወደ ደም ብዙ ዲኤንኤ የማይለቅ ዕጢ አለ።

ከሁሉ የማይረሳው የራዲዮሎጂስቱ ነገር ነው። ፔቱንና ሲቲውን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ከፈቱ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እማማ አዞሩላቸው። ለነርሷ አይደለም፣ ለእማማ። በአስተርጓሚ በኩል «ይህ የሚበራው በሕይወት ያለው ነው፣ ጥቁሩ የሞተው ነው፣ መርፌዬ የሚገባው እዚህ ጠርዙ ላይ ነው» አሏቸው። እማማ አየት አደረጉና «አመዱን ትተህ ፍሙን ልታወጣ ነው በለኛ፣ ልጄ» አሉ። ሲተረጎምላቸው ሐኪሙ ሳቁ። እጃቸው ይባረክ።

መርፌው በገባበት ሰዓት የላቦራቶሪ ሰው አጠገብ ቆሞ የወጣው ሕዋስ ሕያው መሆኑን እዚያው በማይክሮስኮፕ አረጋገጠ። በ18 ጌጅ መርፌ 5 ቁራጭ ወጣ፤ በ2 ብሎክ (ናሙናው የሚቀመጥበት ሰም) ተከፈለ፣ አንዱ ለበሽታው ስም፣ ሌላው ሳይነካ ለጂን። ስላይዶቹም በአንድ ጊዜ ተቆረጡ፤ ብሎክ ወደ መቁረጫው በተመለሰ ቁጥር ፊቱን ለማስተካከል ብቻ ሥጋ ይባክናልና። ዲኤንኤውም አርኤንኤውም ተመረመረ፣ ምክንያቱም እንደ ኤኤልኬ፣ ሮስ1 እና ሬት ያሉት የጂን መጋጠሞች (ሁለት ጂኖች ሲጣበቁ) በዲኤንኤ ብቻ ሊያመልጡ ይችላሉ። (ናሙናው ከአጥንት ከሆነ በጠንካራ አሲድ እንዳይለሰልስ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አሲዱ ዲኤንኤውን ይበላዋል።) ውጤቱ ኢጂኤፍአር፣ ኤክሶን 19 በሚባለው የጂኑ ክፍል ላይ ጉድለት። የአንጎል ኤምአርአይ ተነስቶ ኦሲመርቲኒብ 80 ሚሊ ግራም፣ በቀን 1 ፍሬ፣ ተጀመረ።

ከወራት በኋላ የሳንባው ዕጢ ሲቀንስ ጉበት ላይ አንዲት ነጥብ ማደግ ጀመረች። ሌላ ቦታ ቢሆን ወይ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል፣ ወይ ለመውጋት ስለሚቀል ያው ሳንባው ይወጋል። እነዚህ ግን ያደገችውን ጉበት ላይ ወጉ፤ ፊልሙ የሚያድገው የቱ እንደሆነ ካልነገረ የጂን ምርመራው የሚታዘዘውን ዕጢ ይመረምርና ያሸነፈው ያመልጣል። ሜት የሚባለው ጂን በዝቶ ተገኘ፣ ቀጣዩ ሕክምናም በዚያ ተወሰነ። ካንሰሩ ወደ ትንንሽ ሕዋስ ዓይነት ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ሕክምናው ሌላ ይሆን ነበር፤ ያንን ደግሞ ደም አይናገርም፣ የሕዋሱን መልክ የሚያየው ፓቶሎጂስት ነው።

ሲቲውን ብቻ አይቶ ጂኑን የሚገምት ሶፍትዌር አለ ሲባል ትሰሙ ይሆናል። አለ፤ ስታንፎርድ የ211 ታማሚዎችን ምስልና የጂን መረጃ ለተመራማሪዎች ክፍት ካደረገ ቆይቷል። የሂሳቡን ነገር ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ፤ ግን የስካኑ ማሽን ወይም የቁራጩ ውፍረት ሲቀየር ቁጥሩም ይዋልላል። በእሱ ተተክቶ ናሙና የሚቀር እንዳይመስላችሁ።

እላችኋለሁ፣ እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሂዱ። የትም ብትታከሙ «ጉዳያችን ቲዩመር ቦርድ (ሐኪሞቹ በጋራ የሚመክሩበት ስብሰባ) ላይ ቀርቧል ወይ? ፊልሙን ያየው ሰው የጂን ወረቀቱንም አይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ በነጻ ይገባችኋል፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። እነዚህ ሰዎች ዘንድ ቦርዱ የሚቀመጠው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሲዲው እስከ ማክሰኞ ይድረሳቸው፣ አለዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል።