ታይላንድ ለረጅም ጊዜ እንግዳ፦ ያለ ቪዛ መግባት ወይስ የአምስት ዓመቱ ቪዛ?
ታይላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የ93 አገራትና ግዛቶች ዜጎች ያለ ቪዛ ገብተው 60 ቀን እንዲቆዩ ስትፈቅድ፣ አብራ ዲቲቪ የተባለውን የአምስት ዓመት ቪዛ ጀመረች። የመጀመሪያው መንገድ አስቀድሞ ማመልከትን አይጠይቅም፤ በኢሚግሬሽን ቢሮ 1,900 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ከፍሎም ተጨማሪ 30 ቀን መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ብዙዎች ቀናቸው ሲያልቅ ወደ ላኦስ ወይም ወደ ካምቦዲያ ተሻግረው ወዲያው እየተመለሱ ለዓመታት ይኖሩ ነበር፤ አሁን ግን የድንበር መኮንኑ በፓስፖርቱ ላይ የተደረደሩትን ማኅተሞች አይቶ እንግዳውን ቱሪስት አይደለም ብሎ ሊመልሰው ስለሚችል፣ ቤት ተከራይቶ ዕቃውን ትቶ የወጣ ሰው ከደጅ ሊቀር ይችላል። ባለሥልጣናቱም 60ውን ቀን ወደ 30 ስለመመለስ ሲነጋገሩ ቆይተዋል።

ዲቲቪ እንደየኤምባሲው ቢለያይም 10,000 ባህት ገደማ ያስከፍላል። አመልካቹ ቢያንስ 20 ዓመት የሞላው፣ 500,000 ባህት በባንክ እንዳለው የሚያሳይና ከአገሪቱ ውጭ ሆኖ የሚያመለክት መሆን አለበት። ለውጭ ድርጅት ከርቀት የሚሠራ ባለሙያም ሆነ የሙዋይ ታይ (የታይ ቦክስ) ወይም የታይ ምግብ ዝግጅት ተማሪ ሊያገኘው ይችላል፤ በእያንዳንዱ መግቢያም 180 ቀን ያስቆያል። ለታይ ቀጣሪ መሥራትን ግን አይፈቅድም።

በእኔ ግምት ከሦስት ወር በታች ለሚቆይ ሰው ዲቲቪ ትርፍ ወጪ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚያስብ ግን በማኅተም ላይ ማኅተም ከመደርደር ይሻላል፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ካለው።