ለደሴት የመርከብ ጉዞ ዶላር ከጅማ፦ የባንክ ምንዛሪ መስኮት ሲገመገም

የታንዛኒያዋን ዛንዚባርንና ሲሼልስን በመርከብ ለሚጎበኝ የጅማ ሰው የከተማችን የባንክ ምንዛሪ አገልግሎት ይሠራል፤ አንድ ቀን ግን አይበቃውም። ፓስፖርትና ቲኬት፣ ካስፈለገም ቪዛ፣ ከነኮፒያቸው ይዞ መቅረብ ግድ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን የዕለቱን ተመን ጠዋት አይቶ መግባት ይጠቅማል። ቅርንጫፉ ጥሬ ዶላር ላይኖረው ስለሚችልም ቀድሞ መደወል ነው።

ደካማው ጎን ኖቱ ነው። ዝም ካላችሁ ባለ 100 ብቻ ይቆጠርላችኋል። ለጉርሻና ጥቂት ጥቂት ለመመንዘር የሚሆን ባለ 1፣ ባለ 5 እና ባለ 20 ጠይቁ። ከመስኮቱ ሳትርቁ እያንዳንዱን አገላብጡ፦ ጠርዙ የተቀደደ፣ እስክሪብቶ የነካው ወይም እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ከሆነ እዚያው አስቀይሩ። ታንዛኒያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ብዙዎች አይቀበሉም።

ባንኩ የሚሰጠው ቅድመ ክፍያ ካርድ ለሱቅ ደህና ነው፤ ለመርከቡ ሒሳብ ግን አንመክረውም። መርከቡ ወጪያችሁን በካቢን ቁልፍ ካርድ እየመዘገበ ከባንክ ካርዳችሁ ላይ ገንዘብ አስቀድሞ ይይዛል፤ የተያዘውም ከጉዞው በኋላ ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። የሚፈቅድ መርከብ ከሆነ ጥሬ ዶላር ማስያዝ ይሻላል። በየቀኑ የሚደመረውን ጉርሻም አስቡበት።

ዛንዚባር ላይ የታንዛኒያ ሽልንግ ያስፈልጋል፤ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የአገር ውስጥ ግብይት በውጭ ገንዘብ እንዳይፈጸም ደንግጋለች። ትልቁ ኖት 10,000 ነው። ጥቂት ጥቂት መንዝሩ፤ ሽልንግ ይዞ ጅማ መመለስ ኪሳራ ነው።