ራንድ ወይስ ግሌዘር? ለአንዲት የጎንደር ቡና ቤት

እህቴ ፒያሳ አካባቢ ለምትከፍተው ቡና ቤት የንግድ ምልክት እንድሠራላት ጠየቀችኝ። በሐሳቤ የመጡት ሁለት አሜሪካውያን ዲዛይነሮች ናቸው።

ፖል ራንድ (1914–1996 እ.ኤ.አ.) ትርፍ ነገር አይወድም። በ1956 የሠራውን የኮምፒውተር ኩባንያውን የአይ ቢ ኤምን ምልክት በ1972 በስምንት አግድም መስመሮች አደሰው፤ ዛሬም ያገለግላል። ሲኒ ላይ ቢታተም እንኳ ይነበባል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሚልተን ግሌዘር (1929–2020) ግን የእጁን ሙቀት አይደብቅም። ለኒው ዮርክ በሠራው ምልክት «እወዳለሁ» የሚለውን ቃል በቀይ ልብ ተካው። የመጀመሪያውን ንድፍ የጫረው ታክሲ ውስጥ ነበር፤ ለሥራውም ክፍያ አልተቀበለም። ለከተማው የነበረው ፍቅር ልቤን ይነካዋል።

እኔ ወደ ግሌዘር አደላለሁ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያየ ላደገ ሰው ደረቅ መስመር አይበቃውም፤ እነዚያ ዓይነ ትልልቅ መላእክት ተመሳስለውም አስተያየታቸው ይለያያል። ፊደላችንም ራሱ ሥዕል ነው። ትናንት ማታ «ቡ»ን ደጋግሜ ስጽፍ ከጎኗ የወጣችው ጭረት የጀበና እጀታ ሆና ታየችኝ። ለእህቴ የማሳያት እርሷን ነው፤ ቀለሙን ግን እንደ ራንድ አንድ ብቻ አደርገዋለሁ።